ከጦሳ እስከ ጨፋ፦ የደሴ ጣሪያ ውሃ የማን ዕዳ ነው?

ይህን የኢንተርኔት ውይይት ክር የከፈተው ሰው ጥያቄ ሳይሆን ክስ ይዞ ነው የመጣው። ደሴ በቆርቆሮና በኮንክሪት በተሸፈነች ቁጥር ጣጣው የሚወርደው ኮምቦልቻ ላይ ነው፤ ከኮምቦልቻ የተረፈው ደግሞ ጨፋ ላይ ይተኛል ይላል። አካባቢውን ለማያውቅ አንባቢ የውሃውን መንገድ ዘርዝሮታል፦ ቦርከና ከኩታበር በኩል ተነሥቶ ደሴን ያቋርጣል፣ በዶሮ መዝለያ ገደሉን ይወርዳል፣ ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ይረጋጋል፣ ከዚያ የጨፋን ረግረግ አልፎ ወደ አዋሽ ይሄዳል። በመኪና 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነው በሁለቱ ከተሞች መካከል የከፍታው ልዩነት ከ600 ሜትር ይበልጣል።

ሒሳቡም ቀላል ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። 100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ፣ በርጭትና በትነት የሚጠፋው ተቀንሶ 2,700 ሊትር ያህል ይወርዳል። ያው ዝናብ ሣር የለበሰ መሬት ላይ ቢሆን ኖሮ አብዛኛው እዚያው ይሰርግ ነበር። ተፈጥሮ በነጻ የምትሰራውን ሥራ፣ ማለትም ውሃ ማስረግን፣ ጎርፍ ማብረድን፣ አፈር መያዝን፣ ሣርና ማገዶ መስጠትን ላይኛው ሲያቋርጠው ታችኛው በገንዘቡ ይገዛዋል ብሎ፣ መፍትሔውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ቋጨው። ደሴ ውስጥ ግቢው ላይ 1 በ1 ሜትር ስፋትና 2 ሜትር ጥልቀት ያለው፣ በድንጋይ የተሞላ የማስረጊያ ጉድጓድ ያልቆፈረ ሰው የግንባታ ፈቃድ አይሰጠው። ሐሳቡ ለጆሮ ይጥማል። ክሩን ያረዘመውም ይኸው ነው።

ምላሽ 1 ምስጋናን አስቀድሞ ክሱን በቁጥር ያጠናከረ የፍሳሽ መሐንዲስ ነው። የአካባቢውን ስፋት በሄክታር፣ የዝናቡን ጉልበት በሰዓት ሚሊ ሜትር፣ የመሬቱን የማፍሰስ መጠን ከ0 እስከ 1 ባለ ቁጥር ወስዶ አባዝቶ ለ360 ማካፈል ነው፤ የሚገኘው በሴኮንድ ስንት ሜትር ኩብ ውሃ እንደሚመጣ ነው። 10 ሄክታር የሣር ተዳፋት ላይ (0.3 ቢባል) በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር የሚጥል ዝናብ ግማሽ ሜትር ኩብ ይሰጣል። ቦታው በቤትና በድንጋይ ንጣፍ ሲሞላ ቁጥሩ 0.7 ይደርሳል፣ ውሃውም ወደ 1.17 ያድጋል። እሱ ያሳሰበው ግን ሰዎች የሚረሱትን ነው። ጣሪያና ቦይ ውሃውን ስለሚያፈጥኑት ከየአቅጣጫው የሚመጣው በአንድ ጊዜ ይገናኛል። ስለዚህ አጭርና ኃይለኛው ዝናብ፣ ድሮ ምንም የማያደርገው፣ አሁን ቱቦ ያስተፋል።

ምላሽ 2 ለከፋቹም ለመሐንዲሱም አክብሮቱን ገልጾ ወዲያው አረማቸው። ከተማው የሚሰጠው የጎርፉን ፍጥነት ነው፤ ቀለሙን የሚሰጠው ግን ሌላ ነው አለ። ኮምቦልቻ ድልድዮች ሥር የሚተኛው ደለል በአብዛኛው ከታረሰ ተዳፋት፣ ከአዲስ መንገድ ቆረጣና ለመሠረት ተቆፍሮ ቦረቦር ውስጥ ከሚደፋ አፈር ይመጣል። ሁለት ደዌ ስለሆነ መድኃኒቱም ሁለት ነው። ለቦረቦሩ የድንጋይ ክትር መክሮ፣ ርቀቱን እንዴት እንደሚያሰሉት ጻፈ፦ የክትሩን ቁመት በ1.2 አባዝቶ ለቦረቦሩ ተዳፋት ማካፈል። ቁመቱ 1 ሜትር፣ ተዳፋቱ 15 በመቶ ከሆነ በየ8 ሜትሩ አንድ ክትር ማለት ነው። መሠረቱ 50 ሳንቲ ሜትር ይቆፈር፣ ጎንና ጎኑ ወደ ቦረቦሩ ግድግዳ ቢያንስ 70 ሳንቲ ሜትር ይግባ፣ መሐሉ ዝቅ ብሎ ውሃ መተላለፊያ ይኑረው፣ ከበስተታቹም ውሃው የሚያርፍበት የድንጋይ ንጣፍ ይሠራለት። በየዘመቻው የሚሠሩት ክትሮች በመጀመሪያው ክረምት የሚፈርሱት ድንጋይ አንሷቸው አይደለም። አናታቸው ቀጥ ያለ ስለሆነ ውሃው በጎን ዞሮ አዲስ ቦረቦር ስለሚከፍት ነው።

ምላሽ 3 ሁለት መስመር ነበር፦ ቱቦውን የሚዘጋው ፌስታል ነው፣ መጀመሪያ እሱን አንሱ። ማንም አልመለሰለትም፤ ማንም ግን አላስተባበለውም።

ክሩን ያገላበጠው ምላሽ 4 ነው። ጸሐፊው የመሬት መንሸራተትን የሚያጠና ጂኦሎጂስት መሆኑ ከአነጋገሩ ያስታውቃል። የከፋቹን ጉድጓድ ደሴ ላይ በጅምላ ማዘዝ አደገኛ ነው ብሎ ጀመረ። ከተማዋ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል ያለች ናት፤ ብዙው ተዳፋቷ ከላይ ተንዶ የተከማቸ ልል አፈርና ድንጋይ ነው፤ ሥሩ የበሰበሰ ባዛልት፣ በመካከሉ ሸክላማ ንብርብር። ውሃ ሲሰርግ ሸክላው ላይ ይቆማል፣ አፈሩን ያከብደዋል፣ በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ያለው የውሃ ግፊት ይጨምራል፣ መሬቱ እርስ በርሱ የተያያዘበት ኃይል ይላላል። በአንድ ተዳፋት ላይ ደርዘን ግቢ ጉድጓድ ቢቆፍር፣ ከላይ ያለው ሰው ጎርፉን ያዳነ መስሎት ከታች ያለውን ጎረቤት ግንብ እየገፋ ነው። ለዚህም ነው አደጋው በሰኔ የመጀመሪያ ዝናብ ሳይሆን መሬቱ ከጠገበ በኋላ፣ በነሐሴ የሚበዛው። ቀደም ሲል ለግብርና ቦታ የሚሰጠውን ምክር፣ ውሃን ባለበት አስቀረው የሚለውን፣ ወደ ቤት መሥሪያ ተዳፋት መገልበጥ ትልቅ ስሕተት ነው ብሎ ደመደመ።

ስለ ድጋፍ ግንብም ጨመረ፣ እኔ እንደማየው ከክሩ ሁሉ ጠቃሚው አንቀጽ ይህ ነው። ግንብ የሚወድቀው በአፈር ክብደት ብቻ አይደለም፣ ከጀርባው በታቆረ ውሃ ግፊትም ነው። ስለዚህ ከ7 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው የውሃ መውጫ ቱቦዎች በየ1.5 ወይም 2 ሜትሩ፣ ወደ ውጭ ዘንበል ብለው ይቀመጡ። ከጀርባቸው 30 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የታጠበ ጠጠር ይሞላ፤ ገረጋንቲ ከተሞላበት ደቃቁ አፈር ቱቦውን ይደፍነዋል። ከቱቦው የሚወጣው ውሃ ደግሞ ግንቡ ሥር እንዳይንጠባጠብ በሲሚንቶ በተለበጠ ቦይ ይወሰድ።

ምላሽ 5 ያንን ደግፎ የአደጋ ምልክቶችን ዘረዘረ፦ በተዳፋት ላይ እንደ ግማሽ ጨረቃ የሚታይ ስንጥቅ፣ ዘንበል ያለ ዛፍ ወይም የመብራት ምሰሶ፣ ድንገት አልዘጋ የሚል በር፣ ከዚህ በፊት ባልነበረበት የፈለቀ ውሃ። ስንጥቁ በሸክላ አፈር ተጠቅጥቆ በላስቲክ ይሸፈን፣ ከላዩ የሚመጣው ውሃ በተለበጠ ቦይ ይጠለፍ። የተሰበረ የውሃ መስመርና የሚያፈስ ሴፕቲክ ታንክ ቀን ከሌት ስለሚያሰርጉ ከዝናብ የባሱ ጠላቶች መሆናቸውንም አስታወሰ።

በምላሽ 6 ከፋቹ ተቆጥቶ ተመለሰ። ታዲያ ደሴ መሬቷ ይንሸራተታል ተብሎ ኮምቦልቻ ትስመጥ ወይ ዓይነት ነገር ነበር። እስከዚህ ድረስ ሁሉም እርስዎ ሲባባል ቆይቶ ከዚህ ወዲያ አንተ ሆነ።

ምላሽ 7 ነገሩን ለማብረድ ሦስተኛ መንገድ አቀረበ፦ ውሃው አይሰርግ፣ አይፍሰስም፣ ይቆይ። እያንዳንዱ ቤት 2,000 ሊትር ሮቶ በጣሪያው አሸንዳ ሥር ያስቀምጥ። ምላሽ 8 ሐሳቡን ወዶ አፈጻጸሙን አፈረሰበት። የሞላ ሮቶ ጎርፍ አይይዝም፤ ሰው ደግሞ ሮቶውን ለልብስ አጠባ ብሎ ሁልጊዜ ሙሉ ነው የሚያደርገው። ሐምሌ ላይ የሚመጣው ሁለተኛው ዝናብ እንዳለ ይፈስሳል። የሱ አሠራር 3,000 ሊትር ሮቶ ሆኖ ታችኛው 1,000 ሊትር ለቤት የሚቀር፣ ከዚያ በላይ ያለው ግን ራሱን የሚያፈስ ነው። በ1,000 ሊትሩ ከፍታ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይበሳል። ከቀዳዳው በላይ 1 ሜትር ውሃ ሲኖር በሴኮንድ 0.8 ሊትር ገደማ ይወጣል፣ ውሃው ዝቅ ሲል ፍሰቱም ይቀንሳል። 2,000 ሊትሩ ባዶ ለመሆን ወደ 80 ደቂቃ ይፈጅበታል። በግማሽ ሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ቢጥል ከ100 ካሬው ጣሪያ የሚገባው 2,700 ሊትር ነው፤ ወደ 1,000 ሊትር ያህሉ ዝናቡ ሳያባራ በቀዳዳው ስለሚወጣ የቀረው ይያዛል። ከጣሪያው በሴኮንድ 1.5 ሊትር ሲመጣ ወደ ቱቦ የሚደርሰው ግማሹ ነው ማለት ነው። የሞላ 3,000 ሊትር ሦስት ቶን መሆኑንም አስጠነቀቀ፦ በድጋፍ ግንብ ጫፍ ላይ አይቀመጥ፣ ትርፉም በዝግ ቱቦ ወደ ቦይ ይግባ እንጂ ተዳፋቱ ላይ አይልቀቅ።

ምላሽ 9 ወደ ውሃው ንጽሕና ወሰደው። የጣሪያ አቧራና የወፍ ኩስ የሚታጠበው በመጀመሪያው ግማሽ ሚሊ ሜትር ዝናብ ነው፤ ለ100 ካሬ ያ 50 ሊትር ይሆናል። ገበያ ላይ የሚታየው 1 ሜትር ርዝመት ያለው 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ የሚይዘው 9 ሊትር ያህል ስለሆነ የይስሙላ ነው። 50 ሊትር የሚይዝ በርሜል ወይም አምስት ሜትር ተኩል ቱቦ ያስፈልጋል።

ምላሽ 10 የከፋቹን ጉድጓድ ከሞት አስነሣው፣ ቦታውን ግን ቀየረው። የማስረጊያ ጉድጓድ ቦታ አለው፣ ቦታውም ኮምቦልቻ ሜዳ ነው፤ መሬቱ ለጥ ያለ፣ ብዙ ቦታም ወንዝ ያመጣው ደለል ነው። በተለይ የመጋዘንና የፋብሪካ ጣሪያ ያላቸው ይህን ቢሠሩ ጥቅሙ ይጎላል፦ 1 ሄክታር ጣሪያ ላይ 40 ሚሊ ሜትር ማለት 400 ሜትር ኩብ ነው። መጀመሪያ ግን ይፈተን። 30 በ30 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ ይቆፈር፣ ዋዜማውን በውሃ ይሞላ፣ በማግስቱ 15 ሳንቲ ሜትር ውሃ ተደርጎበት በግማሽ ሰዓት ስንት እንደወረደ ይለካ። ዋዜማውን ማጠጣት የግድ ነው፣ ምክንያቱም ደረቅ ዋልካ አፈር ተሰነጣጥቆ ውሃ ሲውጥ ጥሩ አስራጊ ይመስላል፤ ሲረጥብ ግን አብጦ ይዘጋል። ከቤት መሠረት ይራቅ፣ የጉድጓዱ ወለል በክረምት ከሚደርሰው የከርሰ ምድር ውሃ ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ ይበል። የሚገባውም የጣሪያ ውሃ ብቻ ነው። ዘይት የፈሰሰበት የጋራዥ ግቢ ውሃ ከገባ የጎረቤት ጉድጓድ ይበከላል።

በ11 አንድ ሰው ጦሳን እዩት፣ ሁሉም ባሕር ዛፍ ነው፣ የውሃው ጠላት እሱ ነው ብሎ ሌላ እሳት ለኮሰ። ከ12 እስከ 16 ያለው በሙሉ የዚህ ጠብ ነው፣ ግማሹ ስድብ ስለሆነ እሱን እዘለዋለሁ። ከስድቡ መካከል መጀመሪያ ፍሬ ያለው 13 ነው፦ ጥፋቱ የዛፉ ብቻ አይደለም፣ የአያያዙም ነው። 1 በ1 ሜትር ተተክሎ በሄክታር 10,000 ግንድ ሲቆም ከሥሩ ሣር አይበቅልም፤ የሚረግፈው ቅጠል ደግሞ ለምጣድ ተጠርጎ ይሄዳል። መሬቱ ባዶ ስለሚቀር ዝናቡ ጫካ ውስጥ እንደ ግቢ ወለል ይንሸራተታል። 2 በ2 ሜትር ተተክሎ ቅጠሉ ቢተውለት ግማሹ ችግር ይቃለላል። 14 ይህን ያለው ሰው ምጣድ ጥዶ የማያውቅ ነው ብሎ መለሰ። ቅጠል የሚጠርገውና አጣና የሚሸጠው ሰው ኑሮውን በዚያ ነው የሚገፋው፤ የከተማው ሰው መብራት ሲጠፋ የሚሮጠው ወደዚያው ማገዶ አይደለም ወይ? ክርክሩ ሻካራ ቢሆንም ትክክል ነበር፣ የከተማው ፍላጎት ነውና ገበሬውን ከገብስ ወደ ባሕር ዛፍ የገፋው። 15 ባሕር ዛፍ ለንብ አበባ ይሰጣል ብሎ ወደ ማር ወጣ። 16 ወደ ነገሩ ሲመለስ ለተራቆተ ተዳፋት የሚሆነውን በከፍታ ለይቶ ጻፈ፦ ለደሴ ዙሪያ ደሾ ሣርና ትሪ ሉሰርን የሚባለው የመኖ ዛፍ፣ ለኮምቦልቻ ዝሆኔ ሣርና ሰስባንያ የሚባለው የመኖ ዛፍ። ብርድ ላይ ዝሆኔ ሣር፣ ቆላ ላይ ትሪ ሉሰርን መትከል ችግኝ መቅበር ነው። ሁለቱም ቦታ ላይ ከከብት ንክኪ ካልተከለሉ ድካሙ ከንቱ ነው፤ ሣሩ ታጭዶ ለባለከብቱ ሲሰጠው ግን ክልሉን ራሱ ይጠብቀዋል።

ምላሽ 17 በቦርከና ውሃ ስለሚለማው ሰላጣና ጎመን ጠየቀ። 18 በትዕግሥት መለሰ። ውሃው በቀጥታ ከወንዝ አይረጭ፣ ኩሬ ውስጥ አንድ ቀን ተኩል ይረፍና የጥገኛ ትል እንቁላል ይዝቀጥ፣ ከላይ ከላዩ ብቻ ይቀዳ፣ ቅጠሉን ሳይነካ በቦይ ይጠጣ፣ ከመሰብሰቡ በፊት ጥቂት ቀን ይቁም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ጥሬ ለሚበላ አትክልት የሚፈቅደው በሊትር ከ1 የማይበልጥ የትል እንቁላል ነው። 19 ግን ያንን ሰው በግማሽ እውቀት ሕዝብ አታስት ብሎ አመናጨቀው። አነጋገሩ አላስፈላጊ ነበር፣ ነጥቡ ግን ሊታለፍ አይገባም። ይህ ሁሉ የሚሠራው ለተሕዋስያን ነው። ቆዳ ከሚለፋበት ፍሳሽ የሚመጣ ክሮምና ሌላ ከባድ ብረት በማጠብም፣ በመቀቀልም፣ በመቆየትም አይጠፋም። ብረትን ማስቆም የሚቻለው ከምንጩ ላይ ብቻ ነው፦ የክሮሙ ውሃ ከሌላው ፍሳሽ ሳይቀላቀል ለብቻው ተይዞ፣ በኖራ ወይም በሌላ አልካሊ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ወደ 8 ወይም 9 ከፍ ተደርጎ፣ ክሮሙ ዝቃጭ ሆኖ ይወጣል። ከተቀላቀለ በኋላ ወጪው ይከብዳል፤ ዝቃጩ ወንዝ ዳር ከተጣለ ደግሞ የተሠራው ሁሉ በክረምት ይፈርሳል።

20 ሕጉን አነሣ፦ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በካዩ የማጽዳቱን ወጪ እንዲሸፍን ያዛል። ታዲያ ላይኛው ተፋሰስ ውሃ ሲይዝ ታችኛው ለምን አይከፍለውም አለ። 21 ማን ለማን፣ በየትኛው ቆጣሪ ብሎ አሾፈበት። ለዚህ በቂ መልስ አልመጣም። እኔ የምለው ቢኖር፣ በካይ ይክፈል ማለትና ጠባቂ ይከፈለው ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ 20 ግን በአንድ ገመድ አሰራቸው።

እስከ 22 ድረስ ሁሉም ስለ ከተማ ሲያወራ ጨፋን የረሳው ይመስላል። 22 ከእንስሳት መኖ በኩል ገባ። በበጋ የአፋርም የአካባቢው ኦሮሞ አርብቶ አደርም ከብቱን የሚያወርደው እዚያ ነው፤ ጎርፍን ሁሉ ጥፋት አታድርጉት፣ ሣሩን የሚያበቅለው ጎርፉ የሚያለብሰው ደቃቅ ደለል ነው አለ። ጎርፉ በዝግታ ሲመጣ ሸክላ ይተኛል፣ ሣር ይነሣል። በከተማ ጣሪያ ተገፍቶ በፍጥነት ሲመጣ ግን አሸዋና ጠጠር ተሸክሞ ይደርሳል፣ የግጦሹም ዓይነት ይበላሻል። ረግረጉ ብረትንም ያጣራል መባሉ እውነት ነው፣ ነገር ግን ያጣራው ጭቃው ውስጥ ይቀመጣል፣ ከብቱም ሣሩን የሚነጨው ከነጭቃው ነው። የእርሻ ቦይ እየተቀደደ ረግረጉ በተጠነፈፈ ቁጥር ውሃው የሚቆይበት ጊዜ ያጥራል፣ ማጣራቱም ማብረዱም አብሮ ይቀራል።

23 ከዚህ ሁሉ ቄጠማ ብቻ ታየው። በበዓል ቡና ሲፈላ የሚጎዘጎዘው ከየት እንደሚመጣ ካላወቅን ረግረግ ምን ያደርጋል እንላለን አለና፣ ክሩ ለአምስት ምላሽ ያህል ወደ አቦልና በረካ ተንሸራተተ። ጥሩ እረፍት ነበር፣ አንዱ ቄጠማ ከፍሳሽ ቦይ ዳር ታጭዶ እንደሚሸጥ እስኪያነሣ ድረስ።

29 ከፋቹ ራሱ ነው። ለደሴ ጉድጓድ ማለቱን ትቶ ሮቶውን ተቀብሏል፤ ለኮምቦልቻ ግን ጉድጓዱን አጥብቆ ይዟል። አንድ ጥያቄ ብቻ ለ8 አቀረበ፣ ያ 20 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በቅጠል ሲደፈን ማን ያየዋል? በ30 የመጣው መልስ አጭር ነው። አሸንዳው አፍ ላይ ወንፊት ይደረግ፣ ቀዳዳውም ከውስጥ በኩል ጠቅላላ ስፋቱ ቀዳዳውን አሥር እጥፍ በሚበልጥ የሽቦ ወንፊት ይከለል፣ በየዓመቱም ሁለት ጊዜ ይጸዳ፤ ከክረምት በፊት በግንቦት፣ ከበልግ በፊት ደግሞ በጥር። ብዙ ሰው የሚረሳው የጥሩን ነው።